«ሥጋው የሙስሊም ነው?» ብለን የምንጠይቅ፣ «ዱቄቱስ የምን ነው?» ማለት ለምን ያሳፍረናል?



ምግብ ቤት ገብተን እንደተቀመጥን ከሁሉ አስቀድመን የምንጠይቀው ጥያቄ አለ፤ «ሥጋው የሙስሊም ነው?» የሚል። ይህን ለመጠየቅ ማናችንም አናፍርም። መልሱ ካላረካን ተነስተን እንወጣለን፤ ባለቤቱም አይቀየመንም። ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት ይህንኑ ድፍረታችንን ለሌላ ጥያቄም እንድናውለው ነው። «እንጀራው ውስጥ ምን ዱቄት አለ?»

ለአንዳንድ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ይህ የምርጫ ጉዳይ አይደለም። ሴልያክ የሚባል በሽታ አለ። በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ይገኛል። በሽታው ያለበት ሰው ይህን ሲበላ የሰውነቱ መከላከያ ኃይል ተነስቶ የራሱን ትንሹን አንጀት ያጠቃል። ምግብን ወደ ደም የሚያስተላልፈው የአንጀት ሽፋን ይጎዳል። ሰውየው እየበላ ይከሳል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ደም ያንሰዋል፣ አጥንቱ ይሳሳል። ልጅ ከሆነ ደግሞ ዕድገቱ ይገታል። ሆዱን ምንም ሳያመው ውስጥ ውስጡን የሚጎዳም አለ። እስካሁን ያለው ሕክምና ከእነዚህ እህሎች ዕድሜ ልክ መራቅ ብቻ ነው።

«ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ግን በምዕራብ ሳህራ ተወላጅ ልጆች ላይ በሽታውን ከመቶ 5.6 በሚሆኑት ላይ አግኝቶታል። በዓለም ደረጃ የሚገመተው ከመቶ 1 ገደማ ነው። እነዚያ ልጆች እንደኛው በረመዳን የሚያፈጥሩ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው።

አልሐምዱሊላህ፣ እኛ ጤፍ አለን። ጤፍ ለሴልያክ ሕመምተኛ የሚጎዳው ግሉተን የለውም። ማሽላ፣ በቆሎና ሩዝም እንዲሁ። ችግሩ ምግብ ቤት የሚቀርበው «የጤፍ እንጀራ» ሁልጊዜ ጤፍ ብቻ አለመሆኑ ነው። ጤፍ ሲወደድ ገብስ ወይም ስንዴ ይጨመርበታል። ዱቄቱ ንጹሕ ቢሆን እንኳ እርሾው ከተደባለቀ ሊጥ የተረፈ ሊሆን ይችላል። ወፍጮ ቤቱም አለ፤ ስንዴ ፈጭቶ ሳይጠረግ የእርስዎን ጤፍ ከተቀበለ ድብልቁ እዚያው ተጀመረ ማለት ነው። ስለዚህ «የጤፍ ነው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «ሌላ ምን ተጨመረበት? እናንተ ናችሁ የምትጋግሩት ወይስ ይመጣላችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። አስተናጋጁ ካላወቀ ወጥ ቤት ገብቶ ይጠይቅላችሁ። ካመነታ እንጀራችሁን ከቤት ይዛችሁ መሄድና ጥብሱን ብቻ ማዘዝ ይሻላል። ጥብሱም ሶያ ሶስ ያልገባበት ይሁን፤ አብዛኛው ሶያ ሶስ ስንዴ አለበት። ሳምቡሳ በተጠበሰበት ዘይት የተጠበሰ ድንችም አይሆንም።

ከምግብ ቤት ይልቅ የሚከብደው ግን ወሊማና ኢፍጣር ነው። ተምሩና ውሃው ሰላም ነው። ሳምቡሳው ስንዴ ነው። ሾርባው የስንዴ ወይም የአጃ ነው፤ አጃ በእርሻም በወፍጮም ከስንዴና ከገብስ ጋር ስለሚቀላቀል አይታመንም። ከዚያም ሁሉም በአንድ ትሪ ዙሪያ ይቀመጣል። አንዱ ዳቦ ቆርሶ ወጡ ውስጥ ሲያጠቅስ ፍርፋሪው እዚያው ይቀራል። በአንድ ማዕድ መብላት በረካ አለው፤ ነገር ግን ለዚህ ሰው ወጡ ሌላው እጁን ሳያስገባ በፊት ለብቻው በሳህን ቢወጣለት ከማዕዱ አልተለየም። ከጎናችን ተቀምጦ ይበላል።

እናቶቻችን «ቢስሚላህ ብለህ ቅመስ፣ ትንሽ ምን ይጎዳሃል?» ይላሉ። በፍቅር ነው የሚሉት፤ ነገር ግን ትንሽም ይጎዳል። እንግዳው ሲተው መቀየምም ተገቢ አይመስለኝም። በመይሙና (ረ.ዐ.) ቤት የተጠበሰ የበረሃ እንሽላሊት ቀርቦ ሳለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እጃቸውን እንደሰበሰቡ፣ ሐራም ነው ወይ ተብለው ሲጠየቁም አይደለም፣ ነገር ግን በአገሬ ስለሌለ አልለመድኩትም እንዳሉ፣ ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ.) ግን እያዩት እንደበላ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ያልለመዱትን መተው ካላስነቀፈ፣ የሚጎዳውን የተወ ሰው ምን ጥፋት አለበት?

ለምግብ ቤት ባለቤቶችም አንድ ቃል አለኝ። ገብስ ቀላቅሎ መሸጥ ሐራም አይደለም። ቀላቅሎ «ንጹሕ ጤፍ ነው» ማለት ግን ማጭበርበር ነው፤ ያቺን ቃል አምኖ የሚበላው ሕፃን ለቀናት ሊታመም ይችላል። «ድብልቅ ነው» ማለት ምናልባት አንድ ደንበኛ ያሳጣ ይሆናል። ለዚያኛው ደንበኛ ግን ትልቅ ውለታ ነው።

በመጨረሻም፣ ልጃችሁ የጃርዲያና የአሜባ መድኃኒት ደጋግሞ ወስዶ ካልተሻለው፣ ክብደትም ካልጨመረ፣ በራሳችሁ ፈቃድ ዳቦ አታስቁሙት። መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ወስዳችሁ ስለ ሴልያክ ጠይቁ። ምርመራው በደም ይጀመራል፤ ብዙውን ጊዜ ከትንሹ አንጀት ናሙና ተወስዶ ይረጋገጣል። ምርመራው የሚደረገው ልጁ ስንዴ እየበላ ባለበት ጊዜ ነው፤ አስቀድሞ ካቆመ በሽታው እያለበትም ውጤቱ «ነፃ ነው» ሊል ይችላል።