ስም ወይስ ትምህርት?

ሰሞኑን በጦር ሠፈራችን በአንድ ቤት ክርክር ተነሥቷል። አባት፣ «እኛ በየጊዜው እንዛወራለን፤ ልጃችን የመግቢያ ፈተናውን አልፋ በነጻ አዳሪ ትምህርት ቤት ትግባ» ይላሉ። እናት ግን፣ «በዚህ ዕድሜዋ ከቤት አትለይም፤ እዚሁ ትማር» ባይ ናቸው።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ፣ ከ1,000 በሚበልጡ ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ እንዳላለፈ ስናስታውስ፣ የአባት ሥጋት ይገባናል። ይሁን እንጂ በውጤት ከሚመሰገኑት ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ጎበዞችን አስቀድመው መርጠው የሚቀበሉ ናቸው። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ከስሙ ይልቅ ስለ መምህራኑና ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ጠይቁ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ልጅቷን እናድምጥ፤ ፈተናውን የምትፈተነው፣ ናፍቆቱንም የምትችለው እርሷ ናትና።