«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» እስከ መቼ?

የዛሬው ጽሑፌ አንዳንዶቻችሁን ያስከፋል። እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ፍረዱ።

በየዓመቱ ማርች 8 ሲደርስ የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ፎቶ በየገጹ ይዞራል። «የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል» ይባላል፣ ላይክ ይደረጋል፣ በነጋታው ይረሳል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። «የመጀመሪያዋ» እያልን የምናወድሳቸው ሌሎች ተከትለዋቸው ስለመጡ ነው ወይስ አለመምጣታቸውን ለመሸፈን?

ሴትዮዋን የማታውቋቸው ካላችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። በ1908 ዓ.ም የተወለዱ፣ የጎንደር ከንቲባ የነበሩት የገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። አውሮፓ ተምረው ተመለሱ። ፋሺስት ጣሊያን አገሪቱን ሲወር ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ ተይዘው አዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከድል በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተር ሆኑ። በ1942 ዓ.ም «የልቤ መጽሐፍ» የተባለ ሥራቸውን አሳተሙ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት መምረጥና መመረጥን ለሴቶችም ሲፈቅድ «እንግዲህ ተፈቀደ» ብለው ቤታቸው አልተቀመጡም፤ ተወዳደሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 በተደረገው የመጀመሪያው ምርጫ አሸንፈው ምክር ቤት ገቡ፤ ኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ።

«እኛ አገር ሴት የነገሠችው ድሮ ነው» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው። ከባሕር ዳር ጀልባ ተሳፍሮ ደቅ ደሴት የወረደ ሰው እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯትን ናርጋ ሥላሴን ያያል። ጎንደር ላይ ቁስቋም አለች። እቴጌ ጣይቱንም ማንም አይረሳም። ነገር ግን ልዩነቱን እንይ። እቴጌ ምንትዋብ ወደ ሥልጣን የመጡት በባላቸውና በልጃቸው ዙፋን በኩል ነው፤ እቴጌ ጣይቱም የንጉሠ ነገሥት ሚስት ነበሩ። ወይዘሮ ስንዱ የመጡት በሕዝብ ድምፅ ነው። በቤተ መንግሥት በር መግባትና በምርጫ ኮሮጆ መግባት አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ዕድል ነው፤ ሁለተኛው መብት ነው።

አሁን ወደ ደጃችን እንምጣ። መራዊ ተነስታችሁ በአስፋልቱ ስትሄዱ ብዙም ሳትርቁ ባሕር ዳር ናችሁ። የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር ወንበር እዚያ ነው። ከአቶ አዲሱ ለገሰ እስከ አቶ አረጋ ከበደ በዚያ ወንበር የተቀመጡትን ቁጠሩ። አንዲት ሴት የለችም። አንዲት!

«አፈ ጉባኤዋ ሴት ናቸው እኮ» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ወይዘሮ ወርቅሰሙ ማሞ ነበሩ፣ ወይዘሮ ፋንቱ ተስፋዬም ተተኩ። እሰየው። ግን ስብሰባ መምራት ለሴት፣ ክልል መምራት ለወንድ ብሎ ያከፋፈለን ማን ነው? ከዚህ ጀርባ ያለው ያው የድሮው ተረት ነው፦ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል»።

ሌላው ክርክር ከበድ ይላል። «ሴትም ብትሾም የምታገለግለው ፓርቲዋን ነው» ይባላል። በዚህ እስማማለሁ። በ2011 ዓ.ም የፌዴራል ካቢኔው ግማሽ ሴት ሆነ፣ ፕሬዚዳንቷም ሴት ሆኑ፣ ዓለም አጨበጨበ። ከላይ የተሰጠ ሹመት ግን ከላይ ይነሳል። እኔም የምለው ሹሙልን አይደለም። እንደ ወይዘሮ ስንዱ ተወዳድረው ይግቡ ነው። ለዚያ ደግሞ ከቀበሌና ከወረዳ ጀምሮ መንገዱ መከፈት አለበት።

ሕግ ከቆረጠ እንደሚቻል ገበሬው ሁሉ ያውቃል። የመሬት ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ ይውጣ ሲባል ስንቱ አጉረመረመ! ዛሬ ያ ደብተር በስንት የፍቺና የውርስ ክርክር የእናቶቻችን መከታ ሆኗል። ማሳው ላይ የተቻለው ምክር ቤት ላይ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

«ጊዜው አይደለም፣ ጦርነት ላይ ነን» ለምትሉ መልሴን ከመራዊ እሰጣለሁ። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም እዚህ ከተማ ውስጥ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ቢያንስ 45 መሆናቸውን ገልጿል። አስከሬን ፍለጋ የወጣችው ማን ነበረች? ሐዘን የተቀመጠችው፣ የሙት ልጆች የምታሳድገው ማን ናት? ይህን ሁሉ የተሸከመችው ሴት ነገ «ድርድር» ሲባል፣ «እርቅ» ሲባል ከጠረጴዛው ዙሪያ ካልተገኘች ስለ ማን ሰላም ነው የሚወራው? ሞት ሲመጣ ያልዘለላትን ውሳኔ ሲመጣ ለምን ይዘልላታል?

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። በመጪው ምርጫ ፓርቲዎች ሴት ዕጩዎችን ለፎቶ ሳይሆን ማሸነፍ በሚችሉበት ቦታ ያቅርቡ። የሰላም ንግግር ከተጀመረ በሁለቱም ወገን ሴቶች ይቀመጡ፤ ሻይ ለማቅረብ አይደለም፣ ለመወሰን። እኛ ወንዶችም እህቶቻችን ለወረዳ ምክር ቤት እንኳ ሲወዳደሩ «ባሏ ፈቀደ ወይ?» ማለታችንን እንተው።

ይህን ማድረግ ካልቻልን በሚቀጥለው ማርች 8 የወይዘሮ ስንዱን ፎቶ አንለጥፍ። እሳቸው በር ከፈቱ፤ ከውስጥ መልሰን የዘጋነው እኛ ነን።

የማትስማሙ በሐሳብ ሞግቱኝ። ስድብ መልስ አይሆንም።

ከመራዊ፣ ሰላም ዋሉ።