የሚጣለው ምግብና ይሉኝታችን

ምግብ የሚጣለው ጠግበው በሚያድሩት በፈረንጆች አገር ነው፤ እኛ ግን ድኾች ስለሆንን ቁራሽ አንጥልም ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እኔም እስከ ዘንድሮ ድረስ ይኸንኑ አምን ነበር። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ሰው ግን እውነቱ እንዲህ አይደለም።

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እንዳስታወቀው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2022 በዓለም ላይ በየቤቱ፣ በየሆቴሉና በየሱቁ የተጣለው ምግብ 1,050 ሚሊዮን ቶን ያህል ነው። ከዚህም ከመቶ 60 እጁ የተጣለው በመኖሪያ ቤት ነው። ይልቁንም የሚያስደንቀው በሀብታሞቹና በመካከለኛ ገቢ በሚተዳደሩት አገሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ በቤት ውስጥ የሚጣለው ለአንድ ሰው ሲካፈል ልዩነቱ በዓመት 7 ኪሎ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ የብክነት ምክንያቱ ሀብት ብቻ ነው ለማለት አይቻልም።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመለስ። እናቴ ያሳደገችን ፒያሳ፣ አትክልት ተራ ከነበረበት አጠገብ ጉልት ተቀምጣ ቲማቲምና ሽንኩርት እየሸጠች ነው። ቲማቲሙ ከመቂና ከዝዋይ በእንጨት ሳጥን ሆኖ፣ በአይሱዙ ተጭኖ ይመጣል። የላይኛው ሳጥን የታችኛውን ይጫነዋል፤ ጣውላው ይልጠዋል፤ መንገዱም ያንገላታዋል። እናቴ ማታ ማታ ትለየው ነበር፤ ደኅናውን ለነገ ታስቀምጣለች፣ የላላውን ለስልስ ለሚፈልጉ ትንንሽ ምግብ ቤቶች በርካሽ ትሰጣለች፣ የፈሰሰውን ወደ ገንዳ ትወስዳለች። ገንዳ የገባው ከእርሷ ስንፍና የተነሣ አልነበረም፤ ቀዝቃዛ መጋዘን ስላልነበራት ነው እንጂ። የላላውን የሚገዛ ሰው በአቅራቢያዋ መኖሩ ግን ብዙ ያድንላት ነበር።

አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ዕቃ የምታመጣው ከሩቅ ነው። የመኪናው ኪራይ ስለሚከብዳት በአንድ ጊዜ አብዝታ ትገዛለች፤ አብዝታ ስለምትገዛም አብዝታ ትጥላለች። ይኸን የቁጠባ ትምህርት በመስጠት ብቻ የምናስተካክለው አይመስለኝም። በቤታችን ቁጠባ የጠፋበት ጊዜ የለምና፤ ያደረ እንጀራ ፍርፍር ይሆናል፣ ከዚያ የተረፈው በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል። (የእናቴን የድርቆሽ ፍርፍር የቀመሰ ሁሉ ትኩሱን እንጀራ ይረሳል።)

በችግር የሚበላሸው እንዲህ ነው። በክብር ስም የሚጣለው ግን ሌላ ነው። ባለፈው ጥር የአክስቴ ልጅ ስትዳር እኔ ከአስተናጋጆቹ አንዱ ነበርሁ። አክስቴ ለ300 ሰው ካርድ በትና የ500 ሰው ምግብ አስበሰለች። እንግዳው ሁሉ ዳግመኛ መነሣት እያፈረ ሳህኑን በአንድ ጊዜ ሞላ፤ ጠርጎ መብላትም እያፈረ ግማሹን ተወው። እኔም ሞልቼ ከተዉት አንዱ ነኝ። ማታ ድስቶቹን ስናነሣ፣

«እትዬ፣ ይኸን ሁሉ ለምን አሠራሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ልጄ፣ ጎደለ ከሚሉኝ ተርፎ ቢጣል ይሻለኛል» አለችኝ።

ለዚያ ድግስ የተበደረችውን ገንዘብ እስከ ዛሬ ከፍላ አልጨረሰችም። አክስቴን ለመውቀስ አይደለም፤ እኛ እንግዶቿ «ጎደለባት» ብለን እንደምናማት አሳምራ ታውቃለችና።

ከየሳህኑ የተሰበሰበው ሁሉ በአንድ በርሜል ተደባለቀ። በማግሥቱ ጧት አንድ ሰው መጥቶ ወሰደው። ይኸው ነው በከተማችን ቡሌ የሚባለው፤ ከየሆቴሉና ከየድግሱ የተነሣ ትራፊ ለችግረኛ የሚሸጥበት ንግድ። በሰፈራችን ቡሌ ገዝቶ የሚበላ በእኔ ዕድሜ ያለ ልጅ አውቃለሁ። «አያምህም?» ብለው «አንዳንዴ ያመኛል፤ ረኃቡ ግን ሁልጊዜ ነው» አለኝ። አንዳንድ ሰዎች ቡሌ መከልከል አለበት ይላሉ። በእኔ አስተያየት ቡሌን ከልክሎ ሌላ አለመስጠት የልጁን ራት መንጠቅ ነው። ነገር ግን ከድስቱ ሳይወጣ የቀረው ንጹሕ ወጥ ከየሳህኑ ትራፊ ጋር ተደባልቆ፣ አድሮ፣ በገንዘብ የሚሸጥለት ስለ ምንድን ነው? ፈረንሳዮች በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ትልልቅ ሱቆች ሳይሸጥ የቀረውን፣ ገና የሚበላ ምግብ እንዳያጠፉ፣ ከበጎ አድራጊ ማኅበራትም ጋር እንዲዋዋሉ በሕግ ደንግገዋል። እኛ ድስትን ከሳህን ለመለየት ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ የሚያስፈልገን አይመስለኝም።

በሰኔ የእኛ የተመራቂዎች የስንብት ግብዣ ይደረጋል። የአምናው ግብዣ ትራፊ በማግሥቱ ከነድስቱ ሲደፋ አይቻለሁ። ወላጆቻችን በየቤታቸው ሠርተው የሚያመጡትን ምግብ ዘንድሮ አስቀድመው ቢነጋገሩበት፣ ሳህኑም አነስ ያለ ቢሆን፣ ዳግመኛ የሚነሣውም ባይታማ እወዳለሁ። ከድስት ያልወጣውን በዚያው ማታ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ ከቅጥራችን ውጭ ለሚያድሩት ለማድረስ እኔና ሦስት ጓደኞቼ ተስማምተናል። የሚጎድለን ክዳን ያላቸው ድስቶችና ከእኛ ጋር የሚወጣ አንድ መምህር ነው።