ሬዚስተሩን አትንኩት
በ2021 የወጣችው የኤንቪዲያ አርቲኤክስ ኤ2000 ግራፊክስ ካርድ ፍጆታዋ በ70 ዋት የተገደበ ነው፤ የራሷ የኃይል ገመድ ስለሌላት ሁሉንም ከማዘርቦርዱ ስሎት ትስባለች። አንዳንዶች ታዲያ ኃይል የምትለካበት፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ሬዚስተር ላይ እኩል መጠን ያላት ሌላ ደርበው ይበይዱባታል። ያኔ ካርዷ የሚያልፈውን ኃይል በግማሽ አሳንሳ ታነባለች፤ 70 የመሰላት 140 ይሆናል። ፍጥነት እንደምትጨምር አልክድም። ግን ስሎቱ የተሠራው ቢበዛ ለ75 ዋት ነው፤ ከዚያም የ12 ቮልቱ መስመር ድርሻ 5.5 አምፔር ብቻ። ትርፉ ኃይል በስሎቱ ቀጫጭን እግሮች ሲያልፍ የሚግለው፣ ሊቃጠልም የሚችለው ማዘርቦርዱ ጭምር ነው። ለዚህ ነው ቮልቴጁን በሶፍትዌር ዝቅ ማድረጉን የምመርጠው፦ በዚያው 70 ዋት ካርዷ ፈጠን ትላለች፣ ካልተስማማትም ወዲያው ወደነበረበት ይመለሳል።