ዋስ የሌለው ዋስትና

ዋስትና የሚለው ቃል እናቱ ዋስ ነው። ዋስ ደግሞ ወረቀት አይደለም፣ ሰው ነው። በገጠር ገበያ በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን ከፍቶ ያያል፣ ወዲያ ወዲህ ያስኬደዋል፣ በመጨረሻም ሻጩን «ዋስ ጥራ» ይለዋል። ነገ አንድ ነገር ቢገኝ ስሙ የሚታወቅ፣ ቤቱ የሚታወቅ፣ ተጠያቂ የሚሆን ሰው ይቆማል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ሚሊዮኖች ከፍሎ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሰው ግን የዚያን ገበሬ ያህል እንኳ አይጠበቅም። ጥርሱን አያሳዩትም፣ ዋስም አይጠሩለትም። «የባትሪ ዋስትና አለው» የሚል ቃል ብቻ ይሰጡታል።

ይሄ የአንድ ሌባ ነጋዴ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ። ችግሩ የገበያው ሁሉ ልማድ መሆኑ ነው። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና የሚሸጡ ድርጅቶች የዕቃውን ዋና ነገር ሳይናገሩ ይሸጣሉ። ያ ዋና ነገር ደግሞ በአስር ደቂቃ ውስጥ የሚነበብ አንድ ቁጥር ነው።

መጀመሪያ እዚህ ገበያ ውስጥ እንዴት እንደገባን እናስታውስ። በ2014 መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪናን ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ይፋ አደረገ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ባንክ ቤት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ ዛሬ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሰው ሁሉ ቴክኖሎጂ የማረከው አይደለም። አንዱ በር ተዘግቶበት በሌላው የገባ ብዙ ነው። አንዱን በር የዘጋ መንግሥት ደግሞ በሌላው በር ላይ ማን ቆሞ ምን እንደሚሸጥ የማየት ግዴታ አለበት።

ከነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። ይህን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም። ስክሪኑ ቻይንኛ ነው፣ የቻርጅ ሶኬቱ የቻይና ስታንዳርድ ነው፣ አፑ ሲከፈት የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ቻይና ውስጥ ለባትሪው 8 ዓመት ወይም 120 ሺህ ኪሎ ሜትር ዋስትና መስጠት የተለመደ ነው። እዚህ ሻጩ «የ8 ዓመት ዋስትና አለው» ሲልህ ታዲያ ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። ዋስትናው አለ፣ ግን ጓንግዡ ቀርቷል። አምራቹ በሌላ አገር ነጋዴ እጅ ተገዝታ ለወጣች መኪና አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ባትሪ አይቀይርም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ይሄ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የኤሌክትሪክ መኪና ውዱ ዕቃ ባትሪው ነው። ባትሪ ያረጃል፤ ይህ ነውር አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው። ምን ያህል እንዳረጀ የሚናገረው «የባትሪ ጤና» የሚባለው መለኪያ ነው፤ ባትሪው አዲስ ሳለ ይይዝ ከነበረው ውስጥ አሁን ስንት በመቶ ይይዛል ማለት ነው። 60 ኪሎዋት ሰዓት ይይዝ የነበረ ባትሪ ጤናው 70 በመቶ ከሆነ አሁን የሚይዘው 42 ነው። ዳሽቦርዱ ግን ቻርጅ ሲሞላ አሁንም «100%» ይላል፣ የ42ቱን መቶ በመቶ ማለቱ ነው። ገዢው ሾውሩም ገብቶ የሚያየው ይህንን 100 ነው፣ ቀለሙንና የቆዳ ወንበሩን ነው።

ሌላም አለ። ባትሪ አንድ ዕቃ አይደለም፣ በተከታታይ የተያያዙ ብዙ ሴሎች ናቸው። በጥንድ በሬ ሲታረስ እርምጃውን የሚወስነው ደካማው በሬ እንደሆነ ሁሉ፣ እዚህም ልኩን የሚወስነው ከሁሉ የደከመው ሴል ነው። አንዱ ሴል ቀድሞ ባዶ ከሆነ፣ የቀሩት ገና ቢኖራቸውም፣ መቆጣጠሪያው ኮምፒውተር ባትሪውን ለማዳን ጉልበት ይቀንሳል ወይም ያቆማል።

ታላቅ ወንድሜ ባለፈው ዓመት ለሜትር ታክሲ ሥራ ብሎ እንዲህ ዓይነት መኪና ገዛ። ገንዘቡ የዕቁብና የብድር ነው። ዳሽቦርዱ 14 ሺህ ኪሎ ሜትር ይል ነበር። በሦስተኛው ሳምንት፣ ሰው አሳፍሮ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወጣ፣ 34 በመቶ ይል የነበረው ቻርጅ በአንድ ዳገት 11 ገባ፤ የኤሊ ምልክት በራ፣ መኪናው መጎተት ጀመረ። ተሳፋሪው ወርዶ ሌላ ታክሲ ያዘ። ማታ ላይ ከመኪናው የምርመራ ሶኬት ጋር የሚገናኝ ትንሽ ዕቃ ሰካሁና በስልኬ አነበብኩት። የባትሪ ጤና 73 በመቶ። ሁለት ሴሎች ደግሞ ከሌሎቹ በጣም ወርደዋል፣ ቻርጁ ባነሰ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል። በ14 ሺህ ኪሎ ሜትር እንዲህ የሚደክም ባትሪ ካለ ወይ ከመነሻው ችግር አለበት፣ ወይ ኪሎ ሜትሩ ተነካክቷል።

ከዚያ ምልልሱ ተጀመረ። መጀመሪያ ቀን፦ «አይዞህ ወንድሜ፣ አዲስ ባትሪ ሲለምድ ነው።» ሁለተኛ ቀን፦ «አነዳድህ ነው።» ሦስተኛ ቀን ሥራ አስኪያጁ፦ «አይተህ፣ ነድተህ፣ ፈርመህ ነው የወሰድከው። ያገለገለ መኪና እኮ ነው።» አራተኛ ቀን ቴክኒሺያናቸው ኮምፒውተሩን ሰካ፣ የተመዘገበውን የስህተት ኮድ አጠፋና «ይኸው፣ ሶፍትዌር ነበር» አለን። በማግስቱ ዳገቱ ላይ ያው ሆነ። ወንድሜ በሄደ ቁጥር የቀን ገቢው ቀረ፣ ዕቁቡ ግን ቀን አይጠብቅለትም።

«ሶፍትዌር ነው» የምትለዋ ነገር ላይ ልቁም፣ ምክንያቱም እንጀራዬ ነው። ሶፍትዌር ዛሬ በዚህ አገር ጋኔን ሆኗል፤ ማንም አያየውም፣ ሁሉም ያመካኝበታል። ልክ ነው፣ አንዳንዴ እውነትም ሶፍትዌር ይሆናል። በተለይ የብረት ፎስፌት ባትሪ ለረጅም ጊዜ ሳይሞላ ከቆየ ኮምፒውተሩ ግምቱ ይዛባና ፐርሰንቱ ሊዘል ይችላል። ይህ ግን የሚፈተን ነገር ነው። መኪናውን ሙሉ ቻርጅ አድርገህ፣ ነድተህ፣ የእያንዳንዱን ሴል ቮልቴጅ ጭነት ላይ እያለ ትመዘግባለህ። ፐርሰንቱ ተስተካክሎ ሴሎቹ እኩል ከሄዱ ግምት ነበር፤ ሁለቱ አሁንም ከወረዱ ሕመም ነው። ኮዱን ማጥፋት ግን ምርመራ አይደለም። የጢስ ማንቂያውን ነቅሎ «እሳቱ ጠፋ» ማለት ነው። ከዚያም ይብሳል፤ መኪናው ራሱ ላይ የጻፈውን ምስክርነት፣ ተከሳሹ በገዛ እጁ መፋቁ ነው።

በአምስተኛው ቀን እውነቱ ወጣ። ድርጅቱ «በቃ ካስቸገረህ መልሰን እንገዛሃለን» አለ። ቴክኒሺያኑ ያንኑ ኮምፒውተር ሰካ፣ የባትሪውን ጤና አነበበ፣ «ባትሪው ደክሟል» ብሎ ከሸጡበት ዋጋ ሩቡን ቀነሰ። እንግዲህ ልብ በሉ። ሲሸጡ ባትሪው ቁጥር የለውም፤ ሲገዙ ቁጥር አለው። ሲሸጡ «ሶፍትዌር» ነው፤ ሲገዙ «ባትሪ» ነው። መሣሪያው አላቸው፣ ንባቡን ያውቃሉ፣ ዋጋውን በብር መተመን ይችላሉ። ወንድሜ ያልነበረው ነገር ዕውቀት አይደለም፣ እነሱ የነበራቸው ወረቀት ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት እንደሌለበት ኃላፊ ነው ይላል፤ ጉድለቱን እያወቀ የደበቀ ሻጭ ደግሞ «ኃላፊነት የለብኝም» በሚል የውል ቃል መከለል አይችልም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ጉድለት ያገኘ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። ነገር ግን ባትሪ በ15 ቀን ውስጥ ጉዱን ላያወጣ ይችላል። ፍርድ ቤት ስትሄድ ደግሞ ዋናው ጥያቄ «ስትገዛው እንዲህ ነበር ወይ?» የሚል ነው። በዕለቱ የተጻፈ ቁጥር ከሌለ ምን ታሳያለህ? ሕጉ ጥርስ አለው፣ የሚነክሰው ማስረጃ ግን ሾውሩሙ ውስጥ ቀርቷል።

ነጋዴዎቹ የሚያነሱት ክርክር አለ፣ አልዘለውም። «እኛም ከውጭ ስንገዛ በጭፍን ነው፣ በምንዛሪ ተቃጥለን፣ መርከብ ጠብቀን። ባትሪ ዋስ ሁኑ ካላችሁን ዋጋው ይወደዳል» ይላሉ። አደጋው እውነት ነው። ግን አደጋውን ማን ይሸከም ነው ጥያቄው። በዓመት ብዙ መኪና የሚያስገባ፣ መሣሪያ ያለው፣ ላኪውን የሚያውቅ ነጋዴ ወይስ በሕይወቱ አንዴ የሚገዛ ሹፌር? ከላኪው ላይ ቁጥሩን መጠየቅ የሚችለው ነጋዴው ብቻ ነው፤ እኛ ካልጠየቅነው ደግሞ እሱም አይጠይቅም። ቁጥሩ አለመጻፉ ቅን ነጋዴንም ይጎዳል። 92 በመቶ ጤና ያላት መኪናና 73 በመቶ ያላት ጎን ለጎን በአንድ ዋጋ ከቆሙ፣ ጥሩውን ያመጣው ሰው ይከስራል፣ የደከመውን ያመጣው ያተርፋል።

ይህ የቅንጦት ጥያቄም አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ዩሮ 7 በተባለው ደንቡ የአዲስ አውቶሞቢል ባትሪ እስከ 5 ዓመት ወይም 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ድረስ ከ80 በመቶ፣ እስከ 8 ዓመት ወይም 160 ሺህ ኪሎ ሜትር ድረስ ከ72 በመቶ እንዳይወርድ ያስገድዳል። ካሊፎርኒያ ከ2026 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ የባትሪ ጤና ባለቤቱ እዚያው መኪናው ውስጥ የሚያየው ቁጥር እንዲሆን ደንግጋለች። በብሪታንያ የ2015 እ.ኤ.አ. የሸማቾች ሕግ፣ ከነጋዴ በተገዛ ዕቃ ላይ በ6 ወር ውስጥ ጉድለት ከታየ፣ ሲሸጥ እንዳልነበረ የማስረዳት ሸክሙ የነጋዴው ነው፤ ያገለገለ መኪናም ቢሆን።

እኔ የምጠይቀው ከዚህ ያነሰ ነው፤ ሽያጭ ውሉ ላይ ሦስት መስመር ይጨመር። አንደኛ፣ የባትሪው ጤና ስንት በመቶ እንደሆነ፣ በከፍተኛውና በዝቅተኛው ሴል መካከል ያለው ልዩነት፣ የተነበበበት ቀንና መሣሪያ፣ ገዢው ባለበት ተነብቦ። ሁለተኛ፣ እዚህ አገር፣ በዚህ አድራሻ፣ ለስንት ወር ማን ዋስ እንደሆነ በስም። ሦስተኛ፣ በ6 ወር ውስጥ ክርክር ቢነሳ አስረጂው ሻጩ እንዲሆን። ንግድ ሚኒስቴር ይህንን አንድ ገጽ ቅጽ አድርጎ ማስገደድ ይችላል፤ አዲስ ላቦራቶሪ፣ አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም።

ቅጹ እስኪመጣ ግን ገዢው እጁ ላይ ያለ አንድ ጉልበት አለ፣ እሱም ቀብዱ ነው። መሣሪያው ተሰክቶ ቁጥሩ በዓይንህ ፊት ካልተነበበ፣ ውሉ ላይም ካልሰፈረ፣ ቀብድ አትስጥ። «አምነኸን ነው እንጂ» ካሉህ፣ ያመነ ሰው መጻፍ አይፈራም በላቸው።