አክሲዮን ስንገዛ ምን እንመዝናለን?

ደመወዝ በተከፈለ ሰሞን ደሴ ፒያሳ ካለ ሻይ ቤት ገብቶ የወጣት ሠራተኞችን ጨዋታ ያዳመጠ ሰው፣ ስለ አክሲዮን የሚሰማው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም «ዓምና ስንት ከፈለ?» የሚል ነው። «ቢከስርስ?» ብሎ የሚጠይቅ ቢገኝ ጓደኞቹ «ፈሪ ለእናቱ» እያሉ ይሥቁበታል። እኛ ግን ዛሬ ጠበቃ ሆነን የምንቆመው ለዚህ ለተሣቀበት ሰው ነው።

መቼም የዓምና ትርፍ ስለ ዓምና እንጂ ስለ ከርሞ አይመሰክርም። ከ1967 ዓ.ም. በፊት በአዲስ አበባ፣ በብሔራዊ ባንክ ሥር፣ አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት ቦታ ነበረ። በዚያ ዓመት ባንኮች፣ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችና ታላላቅ ፋብሪካዎች በመንግሥት ሲወረሱ፣ ባለአክሲዮኖቹ ገንዘባቸውን ያጡት ኩባንያቸው ሳያተርፍ ቀርቶ አልነበረም። በዘመናችንም በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው ሕግ የውጭ አገር ባንኮች እንዲገቡ ፈቅዷል። ተወዳዳሪ በመጣበት ገበያ ትርፉ እንደ ቀድሞው ይቀጥላል ብሎ መማል አይቻልም።

ከዚህም ሌላ ሥጋቱ ያለው በኩባንያው ዘንድ ብቻ አይደለም፤ በገዢውም ኪስ ውስጥ ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር መሸጥ ሲጀምር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለት 9,900 ብር ነበር። ይህ ገንዘብ ለአንድ ባለሀብት ቢቀር የማይቈጭ ነው፤ ለጀማሪ ጸሐፊ ግን የቤት ኪራይና የቤተሰብ ቀለብ ነው። አክሲዮኑ አንድ ሲሆን ሥጋቱ ሁለት ነው።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ የሆነውን እናስታውስ። አንድ የምናውቀው ሰው የአክሲዮን ወረቀቱን በሻንጣ ይዞ፣ ልጆቹን አስከትሎ አዲስ አበባ ገባ። ወረቀቱ ደኅና ነበር፤ እንጀራ ግን አይገዛም። ገዢ ፈልጎ፣ ዋጋ ተስማምቶ፣ በኩባንያው መዝገብ ስም እስኪያዛውር ድረስ የሚታገሥ ረኃብ የለም። ከዚያ በኋላ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፍቷል፤ በመጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ገበያ መኖሩ፣ በቸገረን ቀን በምንፈልገው ዋጋ የሚገዛን ሰው ለመኖሩ ዋስትና አይሆንም።

በኮምቦልቻም ሌላ ትምህርት አለ። ደመወዙን ከፋብሪካ የሚያገኝ፣ ቤቱን ለፋብሪካ ሠራተኞች የሚያከራይ፣ የተረፈውንም በዚያው ከተማ ባለ ኩባንያ አክሲዮን የሚገዛ ሰው ሦስት ሀብት ያለው ይመስለዋል። በ2014 ዓ.ም. ፋብሪካዎች ተዘርፈው ሥራ በቆመ ጊዜ ግን ሦስት የሚመስለው አንድ መሆኑ ታየ። ጎተራውንም፣ ላሙንም፣ ራሱንም በአንድ ጣሪያ ሥር ያኖረ ሰው፣ እሳት በተነሣ ቀን የሚሸሽበት የለውም። የአገራችን ልጆች ላቋቋሙት ድርጅት መቆርቆር መልካም ነው፤ ነገር ግን ፍቅር ሚዛን አይደለም።

እንዲህ ስንል አክሲዮን አትግዙ ማለታችን አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከመቶ 30 በላይ ሲደርስ፣ ብሩን በሣጥን የቆለፈውም ሰው ሳይሸጥና ሳይገዛ ከስሯል። ሕጉም ቢሆን ለባለአክሲዮን ይራራለታል፤ ኩባንያው ቢወድቅ ከከፈለው በላይ አይጠየቅም። ይህ ርኅራኄ የማይደርሰው ተበድሮ ለገዛው ብቻ ነው፤ አክሲዮኑ ቢጠፋም ዕዳው አይጠፋምና። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ሰው ነው።

ስለዚህ ወጣት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ «ስንት ከፈለ?» ከማለታችሁ በፊት ሦስት ነገር ራሳችሁን ጠይቁ። ይህን ገንዘብ መቼ እፈልገዋለሁ? ቢጠፋ እናቴን በምን እረዳለሁ? የቀረው ኑሮዬስ በዚሁ ነገር ላይ የቆመ ነውን? እነዚህን መልሶ፣ የኩባንያውን ሒሳብ አንብቦ፣ ከትርፉ ጥቂት የገዛ ሰው ቢከስር እንኳ ይነሣል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት የሚወርድ አስተዋይ ሾፌር ፍሬኑን የሚሞክረው ገና ደሴ ሳለ ነው፤ ከጠመዝማዛው መካከል ከደረሰ በኋላ አይደለም። ይህን ሾፌር ፈሪ ነው የሚል ተሳፋሪ እስከ ዛሬ አልሰማንም።