ጫማ ክረምትና በጋ የለውም! (የሦስት ወር ኮንትራት ለሚያስፈርሙህ)

ወገን፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ዱከም አስፋልቱ ዳር ቁምና ተመልከት። ወደ ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን የሚሄደው ወጣት የትምህርት ማስረጃውን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ይጎርፋል። በር ላይ የሚጠብቀው ወረቀት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ቋሚ አለ። የሦስት ወር ኮንትራት አለ። በኤጀንሲ የሚባል አለ። ምንም ወረቀት የሌለው የቀን ሥራም አለ። ልጁ የሚጠይቀው ግን አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት፦ «በእጅ ስንት ነው?»

እኔም እንደዚያው ነበር የጠየቅኩት፣ አልዋሽህም። ሦስት ወር ፈረምኩ፣ አደሱልኝ፣ ደግመው አደሱልኝ፤ አንድ ቀን «ኮንትራትህ አልቋል» ተባልኩ፣ አለቀ። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ ጉዳዩ የአንድ ፋብሪካ አይደለምና።

አሁን ሕጉን ስማ። አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 9 የሥራ ውል ሁሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል። ቋሚነት የአለቃ ችሮታ አይደለም፣ መነሻው ነው! ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው አንቀጽ 10 በዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ ነው፦ የተወሰነ ሥራ ለመጨረስ፣ በፈቃድ ወይም በሕመም የቀረን ሰው ለመተካት፣ ከወትሮው የበዛ ሥራ ሲመጣ፣ ወቅት ጠብቆ የሚሠራ ሥራ ሲሆን፣ እንዲህ እንዲህ ያሉ። እንግዲህ ንገረኝ፣ ዓመቱን ሙሉ በሁለት ፈረቃ ጫማ የሚሰፋ መስመር ላይ የተቀመጠች ልጅ ማንን ተክታ ነው? የቱ ወቅት ነው የሚያልፈው? ጫማ ክረምትና በጋ አለው እንዴ?

«እንሞክርህ» ካሉም ይሞክሩህ፣ መብታቸው ነው። ግን የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ከዚያ በኋላ ሥራህ ላይ ከቀጠልክ ሙከራው አልፏል፤ አገልግሎትህም የሚቆጠረው ሙከራውን ከጀመርክበት ቀን ነው። ሁለት ጊዜ የታደሰ የሦስት ወር ወረቀት ምን ዓይነት ሙከራ ነው? እንኳን ሰው፣ ማሽንም ዘጠኝ ወር አይሞከርም!

«ቋሚ ከሆንኩ ታሰርኩ፣ ነገ የተሻለ ባገኝስ?» የሚለኝ ወጣት ብዙ ነው። ወንድሜ፣ ተገላቢጦሽ ገብቶሃል። አንቀጽ 31 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል ይላል፣ ምክንያት አትጠየቅም። ቋሚ ውል የሚያስረው አሠሪውን ነው። አንተን ለማሰናበት በቂ ምክንያትና ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል። የኮንትራት ወረቀት ላይ ግን ቀኑ ሲደርስ ውሉ በራሱ ጊዜ ይቋረጣል፣ ማንም ምክንያት አይነግርህም። እርጉዝ የሆነች እህትህን አስባት፦ ሕጉ 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ ከነደመወዙ ሰጥቷታል፤ ኮንትራቷ በሰባተኛው ወር ካለቀ ግን ፈቃዱን ከማን ትጠይቃለች?

የቀን ሥራው «ምንም አይቆረጥም» ተብሎ ይሞገሳል። 7 ከመቶ የጡረታ መዋጮ ከአንተ ሲቆረጥ አሠሪው ከራሱ 11 ከመቶ እንደሚጨምር ግን ማን ነገረህ? ያልተቆረጠብህ 7 ሳይሆን ያጣኸው 11 ነው የሚያስቆጭ። በኤጀንሲ ስትገባ ደግሞ አሠሪህ ፋብሪካው ሳይሆን ኤጀንሲው ነው፤ ፋብሪካው ስለ አንተ የሚከፍለውና አንተ እጅ የሚደርሰው ምን ያህል እንደሚራራቅ ጠይቅ። ካልነገሩህ እሱም መልስ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር ልምጣ፣ እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። «ኢንቨስተር እንዳይሸሽብን ዝም በሉ፣ ሀገር መውደድ መታገስ ነው» የሚሉ፣ ባንዲራ ፕሮፋይላቸው ላይ የለጠፉ ወንድሞች አሉን። የቱን ሀገር ነው የምትወዱት? ይህ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ የታተመ የኢትዮጵያ ሕግ ነው! እሱን እያስጣሰ ስለ ሉዓላዊነት የሚፎክር ሰው አይገባኝም። ጣታችሁን ቻይናው ላይ ብቻ እንዳትቀስሩም፤ ያን ወረቀት ጽፎ «ፈርም፣ ውጭ የሚጠብቅ ብዙ ነው» የሚለው የሰው ኃይሉ የኛው ልጅ ነው፣ የኛው ባለሀብትም ያንኑ ወረቀት ያስፈርማል።

ከዱከም በዚያው መንገድ ወደ አዳማ ውረድ፣ ከዚያ ወንጂ። በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት የጀመረው ፋብሪካ የሆላንዶች ነበር። ሠራተኛው ግን ባለቤቱ ፈረንጅ ነው ብሎ አንገቱን አልደፋም፤ ተደራጀ፣ በ1955 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሀገሪቱ ሠራተኞች ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት የወንጂ ሰዎች ከፊት ነበሩ። ያኔ ይህ የዛሬው ሕግ የለም። አንተ ሕጉ አለህ፤ ማኅበር ለመመሥረት 10 ሠራተኛ ይበቃል፣ አንድ የምሳ ጠረጴዛ ማለት ነው። (ወንጂ ላይ ሸንኮራ ቆረጣ ወቅት አለው፣ እዚያ የወቅት ኮንትራት ያስኬዳል። የኔ ጠብ ከኮንትራት ጋር አይደለም፣ ከውሸት ኮንትራት ጋር ነው።)

የተራበ ሰው ወረቀት አይመርጥም ትለኛለህ። እውነት ነው፣ እኔም አልመረጥኩም። ከፈረምክ ግን መብትህ አብሮ አልተፈረመም፤ የሚታየው የሥራው ጠባይ እንጂ የወረቀቱ ርዕስ አይደለም። ስለዚህ ዛሬውኑ ውልህን ፎቶ አንሳ። ቀኑን፣ የሥራ መደቡን፣ የታደሰበትን ብዛት ጻፍ። የጽሑፍ ውል ካልሰጡህ በ15 ቀን ውስጥ የቅጥርህን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ እንዲሰጡህ ጠይቅ። ካባረሩህ ደግሞ ወደ ሥራ ልመለስ ብለህ የምትከስሰው በ3 ወር ውስጥ ነው፤ ደላላው «ትንሽ ታገስ፣ ይጠሩሃል» ሲልህ ቀን እየቆጠርክ ስማው።